ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ታዲያ ለምን አልወጡም?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ ነኝ። ወደ ወንዶ ገነት በሚወስደው በኩል ባለ የባህር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ደን ላይ እሳት ሲነሳ የአካባቢውን ወጣትና ገበሬ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ባለፈው የካቲት ስልሳ ያህል ሰው ይዤ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ‹ውጡ!› ብዬ ጮኽኩ፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ‹ትንሽ ናት የቀረችን› እያለ ቆየ። ሁለት ልጆች እሳቱ ከኋላቸው እየመጣ አካፋና መጥረቢያቸውን ተሸክመው ዳገት ይሮጡ ነበር። አንድ አዛውንት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ የለም። ግን ሁሉም ከወር በፊት የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደዋል፤ ሕጉን ቢጠይቋቸው በቃላቸው ይወጡታል። ምን ጎደለ? ለሚመጣው በጋስ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

የጎደለው እውቀት አይደለም። ስለዚህ በሁለቱ ቀን ሥልጠና ላይ ሦስተኛ ቀን ቢጨምሩበት በሚመጣው የካቲት የሚያዩት ያንኑ ነው። የተበላሸው የውሳኔው ሰዓት ነው። «እንውጣ ወይስ እንቆይ» የሚለው ነገር የተነሳው እሳቱ ፊት ነው፤ ያውም በተጠማ፣ በደከመና ጭስ በጠጣ ጭንቅላት፣ ባልንጀራ አጠገብ ቆሞ እያየ። በዚያ ሰዓት ሰው አመዛዝኖ አይወስንም፤ ሲያደርገው የነበረውን ይቀጥላል። አካፋ የያዘ መቆፈሩን፣ ቅጠል የያዘ መምታቱን። ስለዚህ መውጣት የሚወሰነው ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ውኃ ጠጥቶ፣ እሳቱ ገና ሩቅ ሳለ። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው የተወሰነውን መፈጸም ብቻ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህ እንዴት እንደሚደረግ ነው።

አስቀድሜ ግን ልጆቹን እንዳይወቅሷቸው እለምንዎታለሁ። እነሱ ያደረጉትን በሙያው አንቱ የተባሉ ሰዎችም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 1949 በአሜሪካ ሞንታና፣ ማን ገልች በሚባል ሸለቆ፣ 16 ሰዎች ከሣር እሳት ሸሽተው ዳገት ይወጡ ነበር። አለቃቸው ዋግነር ዶጅ መሣሪያችሁን ጣሉ አለ። ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን ሣር ራሱ ለኮሰና በተቃጠለው ቦታ ላይ እንዲገቡ ጠራቸው። የተከተለው አልነበረም። 13ቱ ሞቱ፤ ዶጅ አመዱ ላይ ተደፍቶ ተረፈ። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ሰዎቹ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከዚያች ደቂቃ በፊት ሰምተውም አይተውም አያውቁም። በጭንቅ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ትእዛዝ ለጆሮ ጩኸት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1994 ኮሎራዶ ውስጥ 14 ሰዎች በዳገት ላይ እሳት ደረሰባቸው፤ አንዳንዶቹ ሲገኙ መሣሪያቸውና የጀርባ ሻንጣቸው አብሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2013 አሪዞና ውስጥ ያርኔል ሂል ላይ የሞቱት 19 ሰዎች ደግሞ የተመረጠ ቡድን አባላት ናቸው። ቀድሞ በተቃጠለ መሬት ላይ ነበሩ፤ ያን ትተው ቁጥቋጦ ወደሞላበት ሸለቆ ሲወርዱ ነጎድጓዳማ ደመና የገፋው ነፋስ እሳቱን አዞረባቸው። በዚያ ቀን ከቡድኑ የተረፈው ለብቻው ተመልካች ሆኖ የተመደበው ልጅ ነው።

አሥሩ የእሳት አጥፊዎች ትእዛዛት እዚያ አገር የወጡት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን፣ በኋላ 18 የአደጋ ምልክቶች ተጨምረውባቸዋል። በ1994ም ሆነ በ2013 የሞቱት ሰዎች በእነዚህ ሰልጥነዋል። 28 ነገር ግን በጭስ ውስጥ በጭንቅላት አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፖል ግሌሰን የተባለ ልምድ ያለው እሳት አጥፊ ነገሩን ሁሉ ወደ አራት ያወረደውም ለዚህ ይመስለኛል። አራቱ በአማርኛ ሲባሉ ሁሉም በ«መ» ይጀምራሉ፦ መመልከቻ (እሳቱን የሚጠብቅ ተመልካች)፣ መገናኛ፣ መውጫ (የማምለጫ መንገድ)፣ መጠጊያ (እሳት የማይደርስበት ቦታ)። ለወጣቶቹ ከዚህ በላይ በቃል የሚያዝ ነገር አይስጧቸው። አንዱ «መ» ከጎደለ ሥራው አይጀመርም፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንዱ ከጠፋ ሥራው ይቆማል።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል፣ እሳቱን በእግሩ ሄዶ የገጠመው በብዛት የአካባቢው ሰው ነው፤ መጥረቢያና ለምለም ቅርንጫፍ ይዞ። ዩኒፎርም፣ ሬዲዮና የራስ ቁር ላለው ቡድን የተጻፈ መመሪያ ለዚህ ሰው እንዳለ አይሆንም። መጀመሪያ ሰውየውን ማየት ያስፈልጋል።

በእኛ ሰው ላይ ከነፋሱ እኩል የምፈራው ይሉኝታን ነው። ወጣቱ ጭሱ መዞሩን አይቷል፤ ግን ጎረቤቱ ገና እየመታ ነው፣ ታላቁ አልወጣም፣ አለቃው አልተናገረም። መጀመሪያ የወጣ ፈሪ ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪወጣ ይጠብቃል፤ እሳቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። ይህን በስብከት አያስወግዱትም። በሥርዓት ግን ሊያልፉት ይችላሉ።

አንዱ ሥርዓት ቃል ነው። «አላማረኝም» የሚለውን ቃል የሥራ ማቆሚያ ያድርጉት። ማንም ሰው፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅም ቢሆን፣ «አላማረኝም» ካለ የእሱ ቡድን ሥራ ያቆማል፤ ቡድን መሪው ቀና ብሎ አራቱን «መ» ያያል። ተናጋሪው ምክንያት እንዲሰጥ አይገደድም፤ ብዙ ጊዜ ዓይን ያየውን አፍ ገና አላገኘውም። የሚያዋጣው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው፦ ልጁ ተሳስቶ ቢሆን እንኳ በሰው ፊት ይመሰገናል። አንዴ «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ» ከተባለ ቃሉ ሞተ፤ ያን በጋ ማንም አይደግመውም።

ሌላው አጠያየቅ ነው። ጠዋት ገለጻ ሰጥተው «ገብቷችኋል?» ካሉ ስልሳ ሰው «አዎ» ይላል። ይህ መልስ ጨዋነት ነው፣ መረዳትን አያሳይም። ይልቅ ከሁሉ ታናሹን ይምረጡና «መውጫው በየት ነው? በእጅህ አሳየኝ» ይበሉት። ቀጥሎ ሌላውን «ፊሽካው ሦስት ጊዜ ቢነፋ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?» ይበሉት። አምስት ሰው ጠይቀው ሁለቱ ከተሳሳቱ ገለጻው አልሠራም፤ ይደግሙታል። ከታናሽ ወደ ታላቅ መጠየቁ ግድ ነው። ታላቁ ከተናገረ በኋላ ታናሹ የራሱን አያወጣም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መውጫ ምልክቱ። ጠዋት ላይ «ይህ ከሆነ እንወጣለን» የሚባሉ፣ በዓይን የሚታዩ ነገሮች ይቆረጣሉ። «እሳቱ ከበረታ» የሚባል ምልክት አይሠራም፤ በረታ አልበረታም ክርክር ነው። ምልክቱ አገሬው በስሙ የሚያውቀው ቦታ ይሁን፦ እሳቱ ጅረቱን ከተሻገረ፣ ከትልቁ ዋርካ ካለፈ፣ ጉብታው አናት ላይ ነበልባል ከታየ። እሳቱን ለማገድ ከጠረጋችሁት መስመር ጀርባ ፍንጣሪ ወድቆ አዲስ እሳት ካስነሳ ምልክት ነው። ነፋሱን ለማየት እንጨት ላይ የታሰረው ጨርቅ አቅጣጫ ከቀየረ ምልክት ነው። ተመልካቹ ሠራተኞቹን ማየት ካቃተው ምልክት ነው።

ርቀቱ ግን በግምት አይቀመጥም፤ ይሰላል። ከሥራ ቦታው እስከ መጠጊያው በጣም ቀርፋፋው ሰው መሣሪያውን ይዞ ይሂድና በሰዓት ይለካ። 300 ሜትር ዳገት 9 ደቂቃ ፈጀበት እንበል። ፊሽካው ተሰምቶ ሰው እስኪነቃነቅ 3 ደቂቃ ይጨምሩ፤ 12። የሚያደናቅፍ፣ የሚመለስ፣ ወንድሙን የሚፈልግ ስለሚኖር በእጥፍ ያባዙት፤ 24 ደቂቃ። ነፋስ የገፋው የደረቅ ሣር እሳት በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በደቂቃ 50 ሜትር ነው፤ ከዚህም ሊፈጥን ይችላል። 24 ሲባዛ በ50፣ 1,200 ሜትር። ማለትም እሳቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ መውጣት ነበረባችሁ። ይህን ለወጣቶቹ ሲነግሯቸው «እሳቱ ገና ማዶ አይደል እንዴ» ይላሉ፤ ስለዚህ ስሌቱን መሬት ላይ በእንጨት እየጻፉ አብረዋቸው ያስሉ። ዳገት ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፦ ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሽቅብ የሚወጣ እሳት ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ሰው በተቃራኒው ይዝላል። ዳገት ላይ እሳትን ሮጦ ማምለጥ አይታሰብ።

ስሌቱ የሚጠቅመው ለማስፈራራት አይደለም፤ ምን መቀየር እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። መጠጊያውን ካቀረቡት፣ ለምሳሌ 60 ሜትር ላይ ወዳለ አስቀድሞ የተቃጠለ ወይም ጠርጎ የተዘጋጀ ቦታ ጥርጊያ ካወጡ፣ መንገዱ 2 ደቂቃ ይሆናል። በልምምድ የመነቃነቂያውን 3 ደቂቃ ወደ 1 ካወረዱት ድምሩ 3፣ እጥፉ 6 ደቂቃ፣ ርቀቱ 300 ሜትር። አሁን ሥራ መሥራት ይቻላል። በልምምድ የተቀነሰች እያንዳንዷ ደቂቃ 100 ሜትር ትሰጣችኋለች።

መጠጊያ ማለት ደግሞ ሰው የሚተነፍስበት ባዶ ቦታ እንጂ ዛፍ ያነሰበት ቦታ አይደለም። በሜዳና ነፋስ በሌለበት፣ ከእናንተ እስከ ነበልባሉ ያለው ርቀት ቢያንስ የነበልባሉን ቁመት አራት እጥፍ መሆን አለበት። 5 ሜትር ነበልባል ከጠበቃችሁ 20 ሜትር በየአቅጣጫው። ዳገትና ነፋስ ካለ ከዚህ በጣም መስፋት አለበት። ከሁሉ የተሻለው ጥቁሩ ነው፣ ማለትም ተቃጥሎ ያለቀለት መሬት፤ ከላይ ያልነደደ የዛፍ አናት ከሌለበት። ሸለቆ ውስጥና በሁለት ጉብታ መካከል ባለ ዝቅታ ላይ መጠጊያ አታድርጉ፤ እሳት እንደ ጭስ ማውጫ የሚስበው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ላንሳ። አባባሉ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እውነት ነው፤ ነበልባሉ ከጉልበት በታች ሳለ ለምለም ቅርንጫፍ በእርግጥ ይሠራል። ነበልባሉ ከ1.2 ሜትር፣ ማለትም ከሰው ወገብ ትንሽ ከፍ ካለ በኋላ ግን በእጅ መሣሪያ ፊት ለፊት አይገጠምም። ሙቀቱ አያስቀርብም። ወጣቶቹ ቅጠሉን አልጥል ያሉት ጠዋት ስለሠራላቸው ነው። ስለዚህ ወገብ የደረሰ ነበልባል ሲታይ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመንገድ ወይም ከጥቁሩ በመነሳት መስመር መቁረጥ ብቻ የሚፈቀድ መሆኑን የመውጫ ምልክቶቹ ውስጥ ያስገቡት።

መሣሪያ ስለ መጣሉ። ሁለቱ ልጆች ለምን አካፋና መጥረቢያ ይዘው እንደሮጡ ጠይቀዋቸዋል? ግምቴን ልናገር፦ አካፋው የተፈረመበት ነው። በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ማውጫ ቅጽ፣ ወጪ ሆኖ በስሙ የተመዘገበ ንብረት የጣለ ሰው ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል። መጥረቢያው ደግሞ ከቤት የመጣ ከሆነ የአባቱ ነው፤ አንድ መጥረቢያ ለገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። «ነፍስህን አስቀድም» ብሎ መምከር ይህን አይፈታም። የሚፈታው ወረቀት ነው። ከበጋው በፊት ንብረት ክፍሉ «በመውጫ ትእዛዝ የተጣለ መሣሪያ ያለ ተጠያቂነት ይሰረዛል፣ ከቤት የመጣም ይተካል» የሚል ደብዳቤ ይጻፍ፤ ደብዳቤውም በሰው ፊት ይነበብ። ቀጥሎ ልምምድ፦ ፊሽካ፣ መሣሪያ ወደ ቁልቁለቱ ጎን መጣል፣ መውጣት። አሥር ጊዜ። እጅ በልምምድ ያልለቀቀውን በጭንቅ አይለቅም። አንድ ጊዜ 100 ሜትር ዳገት ከነመሣሪያው፣ አንድ ጊዜ ያለ መሣሪያው ያስሩጧቸውና በሰዓት ይለኩት፤ ልዩነቱን ራሳቸው ያዩታል።

መገናኛ ላይ አጭር ልሁን። ስልክ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ያጣል። ድምፅ በእሳት ጩኸት ውስጥ ከሃምሳ ሜትር በላይ አይታመንም። እናንተ ዘንድ ደግሞ አንዱ ቡድን ሲዳምኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሌላው ወላይትኛ ወይም አማርኛ ይናገራል፤ በጭንቅ ሰዓት ሰው የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው። ስለዚህ ዋናው ትእዛዝ ቋንቋ የሌለው ይሁን፦ ሦስት ረጃጅም ፊሽካ «ውጡ» ነው። የሰማ ቡድን መሪ መልሶ ሦስት ይነፋል። ያልመለሰ ካለ አልሰማም ማለት ነው። ፊሽካ ለሌላ ለምንም ነገር፣ ለምሳ መጥሪያም ቢሆን፣ አይነፋም።

እርስዎ ራስዎ በዚያ ቀን መሣሪያ ይዘው ነበር? ይዘው ከነበረ ዘንድሮ ይተዉት። አካፋ የያዘ መሪ ዓይኑ አካፋው ጫፍ ላይ ነው። ስልሳ ሰውም ለአንድ ሰው አይመራም፤ አንድ ሰው በእሳት ላይ በደንብ የሚይዘው አምስት፣ ቢበዛ ሰባት ነው። ስልሳ ሰው ማለት አሥር ቡድን፣ አሥር መሪ፣ ከእነሱ በላይ ሁለት አስተባባሪ፣ በላዩ እርስዎ። የምትገቡበት መንገድ አፍ ላይ አንድ ሰው ይቁምና ለገባ ሁሉ የቡድኑን ቀለም ጨርቅ ክንዱ ላይ ይሰር፣ ስሙን ይጻፍ፤ ሲወጣ ጨርቁን ይቀበል። ጭስ አይቶ በራሱ የመጣ ሰው ያለ ጨርቅ አይገባም። ሰው ወደ እሳት ተመልሶ የሚገባው ብዙውን ጊዜ «እገሌ የት ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ ሲያጣ ነው፤ የጨርቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ወደ ወደቁት አዛውንት ልምጣ። ምክንያቱ ሙቀት፣ ጭስ ወይም ልብ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ አብረው ሊሆኑም ይችላሉ። በአሜሪካ የረጅም ዓመታት መዝገብ ላይ የደን እሳት አጥፊዎችን ከሚገድሉት ዋናዎቹ ነበልባል ብቻ ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የመኪናና የአውሮፕላን አደጋ ናቸው። ስለዚህ ከበጋው በፊት ሰው ሁሉ ግፊቱ ይለካ፤ ደረት ውጋት፣ ማዞር፣ የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቅ። ጤና ጣቢያ ከተባበረ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የአካል ብቃት መፈተን ከፈለጉ በባለሙያዎቹ ዘንድ የታወቀው 20 ኪሎ ገደማ ተሸክሞ 4.8 ኪሎ ሜትር ሜዳ በ45 ደቂቃ መራመድ ነው። ይህ ለእናንተ ሰው ከባድ ነው፤ ፈተናው ላይ ልባቸው ቆሞ የሞቱም አሉ። ያለ ጭነት 1.6 ኪሎ ሜትር በ16 ደቂቃ መራመድ ለቀላል ሥራ የሚበቃ መለኪያ ነው። ጤና ከተጠየቀ በኋላ እንጂ በፊት አይደረግ።

ውኃ፦ ለከባድ ሥራ ለአንድ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ያስቡ። ስልሳ ሰው ለአምስት ሰዓት 300 ሊትር ነው፤ አሥራ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ይህን ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣው ጠዋት ካልተመደበ ውኃው መኪናው ላይ ይቀራል፤ ሰው ደግሞ «ወርጄ ልጠጣ» ማለትን ያፍራል። ስለዚህ ውኃ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ወደ ውኃ አይሂድ። ውኃ ብቻ ለሰዓታት መጠጣትም ጥሩ አይደለም፤ ጨው ጣል የተደረገበት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ አብሮ ይኑር።

የጾም ነገር ሳይነገር አይታለፍም። የእሳቱ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በጋ ላይ እየዋለ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም እስከ ማታ እህልም ውኃም ያልቀመሰ ሰው መስመር ላይ ቢቆም በጣም ቀድሞ ይዝላል፤ ውሳኔውም ይዛባል። በሰው ፊት «ማን ጾሟል?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ማንም በእምነቱ አይታማም። ቡድን መሪው ለየብቻ ይጠይቅ፤ የጾመው ሰው በጠዋቱ ብርድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ይሥራ፣ ወይም መንገድ ላይ ጨርቅ የሚያስረው ሰው ይሁን። ከበጋው በፊት የደብሩን አስተዳዳሪና የመስጊዱን ኢማም ማነጋገርም ተገቢ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሰጡትን ምክር ከእነሱ አፍ ሲሰማ ሰው ይቀበለዋል።

በሙቀት የተመታ ሰው መጀመሪያ የሚታወቀው በጠባዩ ነው፦ ይቆጣል፣ ይንገዳገዳል፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ይመልሳል። ላቡ እስኪቆም አትጠብቁ፤ እየሠራ የተመታ ሰው በላብ እንደተጠመቀ ሊወድቅ ይችላል። ጥላ፣ ልብስ ማውለቅ፣ መላ ሰውነት ላይ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይጫን። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም።

ጭስ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ አስተውሎትንም ይወስዳል። «ትንሽ ናት የቀረችን» ያሉት ልጆች ስንት ሰዓት ጭስ ውስጥ እንደነበሩ ቢያጣሩ መልካም ነው። እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አቧራና ጥላሸት ይቀንስ ይሆናል እንጂ ይህን ጋዝ አያግድም፤ ያልተገባ ድፍረት ግን ይሰጣል። ንጹሕ አየር ላይ ወጥቶም ግማሹ ከደም ለመውጣት ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ አርፎ መመለስ አያጸዳም። ጭስ ያለበትን ጎን በፈረቃ ያዙት፤ ራሱን ያመመው ሰው ለዚያ ቀን በቃው።

እንቅልፍም እንዲሁ። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሰው ማታ 4 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ነቅቷል፤ በዚያ ሰዓት የአእምሮው ቅልጥፍና በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። ለሁለት ሰዓት ሥራ አንድ ሰዓት ዕረፍት የሚለውን ስፍር ያዙ። ይህ ከማንም በላይ ሰው ጭኖ የሚመልሰውን የአይሱዙ ሾፌር ይመለከታል። ሾፌሩ እሳት አያጥፋ፤ ይተኛ።

ልብስ፦ ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጥና ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ የስፖርት ማልያ የለበሰ ወደ መስመሩ አይግባ። ጥጥ፣ እጅጌው ረጅም። ኮንጎ ጫማና ሸበጥ እዚያው መንገድ አፍ ላይ ይመለሳሉ።

ነበልባሉ ከሞተ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ መዘናጊያ ነው። ሁሉም «አለቀ» ይላል፣ ተመልካቹ ይወርዳል፣ ጨዋታ ይጀመራል። የባህር ዛፍ ጉቶና ሥር ግን መሬት ውስጥ እየነደደ ይቆያል፤ ሥሩ የተበላ ዛፍ ያለ ነፋስ፣ ያለ ድምፅ ይወድቃል። እንዲህ ካለ ዛፍ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ራቁ፤ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ተመልካቹ የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ከቦታው አይነሳም።

ከእሳቱ በኋላ ሰው ሳይበተን ሃያ ደቂቃ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፦ ምን አስበን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ለምን ተለያየ፣ በሚቀጥለው ምን እንቀይር። «ግምገማ» ብለው ግን አይጥሩት። ቃሉ እኛ አገር ሰው ተነስቶ የሚወቀስበትን ስብሰባ ያስታውሳል፤ ሁሉም አፉን ይዘጋል። «ምን አየን» ቢሉት ይበቃል። መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ይሁኑ፤ የሚናገሩትም የራስዎን ስሕተት። ለምሳሌ የባለፈውን የካቲት፦ «ውጡ ያልኩት ዘግይቼ ነው፣ ምልክት አልቆረጥኩም ነበር።» ከዚያ በኋላ ልጆቹ መሣሪያውን ለምን እንዳልጣሉ ይነግሩዎታል። ከእኔ ግምት ይልቅ የእነሱን መልስ ይመኑ።

የመጨረሻው የአዛውንቱ ጉዳይ ነው። ምናልባት ዘንድሮ ሊያስቀሯቸው አስበው ይሆናል። ሐኪም ካየላቸውና ከፈቀደላቸው አያስቀሯቸው፤ ተመልካች ያድርጓቸው። የዚያን ጉብታ ነፋስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ በየት እንደሚዞር ከወጣቶቹ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊሽካውን እሳቸው ሲነፉ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ፈሪ አይባልም፤ አባት አዘው ነውና የወጣው። መቆሚያቸው እሳቱንም ሠራተኛውንም የሚያይ፣ ከመኪና መንገዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ የራቀ ይሁን። ጥላ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ እንጨት ላይ የታሰረ ጨርቅና ዓይኑ የሚያይ አንድ ወጣት ረዳት ይኑራቸው። ሌላ ምንም ሥራ አይሰጣቸው።